ፎቶ ያልነበራት እናት

ገዳሪፍ ውስጥ ባለን ፎቶ ቤት ባሌ ያነሳል፣ እኔ አጸዳለሁ። ወለሉንም የማጸዳው እኔው ነኝ፤ ዋናው ሥራዬ ግን የሰው ፊት ነው። ኮምፒውተሩ ፊት እቀመጥና ላቡን፣ ብጉሩን፣ ወባ ያጎደጎደውን ጉንጭ፣ ሴቶች በልጅነታቸው ግንባራቸው ላይ የተነቀሱትን መስቀል እየጠራረግኩ አስረክባለሁ። ሁሉም "ይሄን አጥፊልኝ" ስለሚሉኝ እጄ ለምዶ ሳይታዘዝም ያጠፋል። ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ማለቴ ነው፣ የሚሆነው ፎቶ ደግሞ የማይነካ ሕግ አለው፤ ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ጆሮ ታይቶ፣ ያለ ሳቅ። ባሌ ይህን ሕግ ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ያውቀዋል።

ከመተማ ድንበር ተሻግሬ ያገባሁት ጊዜ ሥራችን ጨለማ ነበረው። ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ቀይ አምፖል አብርተን ባዶ ወረቀት መድኃኒት ውስጥ እንነክራለን፤ ትንሽ ቆይቶ ከነጩ ወረቀት ውስጥ ሰው ይመጣል። መጀመሪያ የሚመጣው ፀጉርና ቅንድብ ነው፤ አፍንጫው እስኪመጣ ድረስ ማን እንደሆነ አይለይም። ያን መጠበቅ እወደው ነበር። አሁን ሁሉም በስልክ ሆነ፤ ቲማቲም ሻጯ ሳትቀር ፊልም አንስታ ለዓለም ታሰራጫለች፣ ለእኛ የቀረን የፈቃድ ፎቶና የሰርግ ቪዲዮ ነው። ጨለማዋ ክፍል የውሃ ጀሪካን ማስቀመጫ ሆናለች። ቅር ይለኛል፣ ግን ምን አባቴ ላድርግ።

ደንበኛ ሲጠብቅ እንዳይሰለቸው ባሌ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ሰቅሏል፤ ከደንበኛው ይልቅ የማየው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት የአረብኛው ጣቢያ ስለ ጥንት ሰዎች ያሳይ ጀመር። በእኛው አገር፣ በአፋር በረሃ፣ ሰዎች ተንበርክከው አፈሩን በብሩሽ እየጠረጉ የአጥንት ስባሪ ይለቅማሉ። ቀጥሎ አንድ ሰው ከስባሪው የተገጣጠመውን የራስ ቅል አምሳያ ጠረጴዛ ላይ ወደ ጎን አዙሮ አስቀመጠና ጭቃ ይለጥፍበት ገባ፤ ሥጋ፣ ቆዳ፣ በመጨረሻም የመስታወት ዓይን። ያን ሁሉ ዘመን አፈር ውስጥ የኖረ አጥንት መልሶ ሰው ያያል! ሥራዬን ትቼ ቆምኩ።

"አፍንጫ አጥንቱ እዚህ ላይ ያልቃል፤ የቀረውን በምን አወቁት?" አልኩ ጮክ ብዬ።

"አንቺ ሴት፣ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ" አለ ባሌ።

ሰውየው እዚያው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሆኖ መለሰልኝ። አጥንቱ የነገረንን ለክተናል፣ ከንፈሩና የቆዳው ቀለም ግን ግምታችን ነው አለ። የማያውቀውን አላውቅም በማለቱ ወደድኩት። ከዚያ ደግሞ በጥንት አመድ ላይ የቀረ ዱካ አሳዩ፤ ሰው መሰል ፍጥረቶች ተከታትለው ያለፉበት።

"ወዴት ይሆን የሚሄዱት?"

"ገበያ" አለ ባሌ፣ ካሜራውን እየወለወለ።

የፈቃድ ፎቶዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴት ወንበሩ ላይ ነበረች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ በሾዋክ ከተማ በኩል የመጣች። ሽማግሌው አባቷ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

"እህቴ፣ ለዚህች ዝንጀሮ ለመሰለች ፊት ካወጡላት፣ ለእናቴ አታወጡላትም?"

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ዋጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድርቁ ዘመን ከትግራይ በእግር ሲመጡ እሷ ጨቅላ ነበረች። እናቷ ካምፕ በገቡ በሳምንታት ውስጥ አረፈች። ፎቶ የሚባል ነገር አልነበራትም፣ አንድም። ፊቷን የሚያውቅ በሕይወት የቀረ ሰው እኒህ አባት ብቻ ናቸው፤ የእሳቸውም አንድ ዓይን ጠፍቷል፣ ሌላው ዙሪያው እየጠበበ በቀዳዳ እንደማየት ሆኗል። ሐኪሙ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሏቸዋል።

"አባቴ ማየት ካቆሙ፣" አለች፣ "እናንተ ምንም ብትሠሩልኝ እሷ ናት፣ አይደለችም የሚለኝ የለም።"

እንሠራለን አልኩ፣ ባሌን ሳላማክር። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ። እውነቱን ነው። እናቷ አገር ቤት የቀረችባትን ሙሽራ በኮምፒውተር ከእናቷ ጋር አቁመን እናውቃለን፤ ከምንም ተነስተን ሰው ሠርተን ግን አናውቅም። የዚህች ሴት የሞተች አክስት፣ የእናቷ እህት፣ ፎቶ ስልኳ ላይ ነበር። እሱንና የራሷን ፊት ይዤ ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ሳሳያቸው ሽማግሌው የተረፈውን ዓይናቸውን ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩ።

"ቆንጆ ናት" አሉ። "የማን ልጅ ናት?"

ባሌ ሳቀ። ልጃቸው አልሳቀችም። "መስቀሏስ?" አሉ ቀጥለው፣ የምስሏን ግንባር በጣታቸው እየነኩ። ያች ለምዳ ሳትታዘዝ የምታጠፋ እጄ ከአክስቷ ግንባር ላይ ንቅሳቱን ጠርጋዋለች። አፈርኩ፤ መለስኩት። ጉንጯን አከሳሁ፣ ፀጉሯን ሹሩባ አደረግኩ፣ ያቀላሁትን ቆዳ ወደ ጠይምነቱ መለስኩ። በሌላ የገበያ ቀን በጠዋቱ መጡ፣ ከሰዓት በኋላ ዓይናቸው እንደማይሠራ ነግራኛለችና። አዩ።

"ዘመድ ትመስላለች። ግን አላውቃትም።"

ይሄኔ ልጅቱ ፈነዳች። "አቦይ፣ የገዛ ሚስትዎን ፊት ረሱት? ይህን ያህል ቀላል ነበረች?"

ባሌ ወደ በሩ ሄዶ መንገዱን ያያል፤ የሰው ጠብ አይወድም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ያ ቅሉን ወደ ጎን ያዞረው ሰውዬ ትዝ አለኝ። አጥንቱ የሚናገረውን ብቻ ነበር የጠየቀው።

"አባ፣ አንቱ የማያውቁትን ተዉልኝ፣ መዓሌሽ፣ ግድ የለም። የሚያውቁትን ብቻ ይንገሩኝ። ሲያዩዋት አንቱ የት ነበሩ፣ እሷስ?"

"ጓለይ" አሉኝ በትግርኛው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ፊት ለፊት አይቻት አላውቅም።"

ልጅቱ ቀና አለች።

"በእኛ ጊዜ ሰው ፊት ሚስቱን ትክ ብሎ የሚያይ ነውረኛ ነው። እሷም ቀና አትልም። የምንኖረው እናቴ ቤት፣ ማታም ኩራዝ። ያየኋት ወደዚህ ስንመጣ መንገድ ላይ ነው። እሷ ከፊት፣ እኔ አህያዋን እየነዳሁ ከኋላ። ቀኑን ሙሉ እሷን ሳይ ነው የምውል፤ ያን ጊዜ ማን ይታዘበኛል?"

"ከኋላ ከነበሩ ታዲያ ፊቷን በምን አዩት?"

"ዘወር ትል ነበር። አሁንም አሁንም፣ በቀኝ በኩል።"

ባሌ ከበሩ ተመለሰ። እኛ ለሞተች ሴት የኢቃማ ፎቶ ስንሠራላት ከርመናል! ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ጆሮ ታይቶ፣ ያለ ሳቅ። ማን ጠየቀን? ባሌ ልጅቱን በርጩማው ላይ በጎን አስቀመጣትና አነሳት። ከስንት ዘመን ወዲህ ሰው በጎን ሲያነሳ ያን ቀን አየሁት።

እዚያው ጠብቁ አልኳቸው፤ የዚያን ዓይን ነገር ለሌላ የገበያ ቀን ማሳደር ፈራሁ። ከልጅቱ የአፍንጫዋን ቅርጽ ወሰድኩ፣ ከአክስቷ አገጩንና አንገቱን። ከንፈሩ ግምቴ ነው፤ ግምቴ መሆኑንም ለሁለቱም ነገርኳቸው። መሀል ላይ መብራት ሄደ። መስኮት በሌለው ቤት ጨለማ ውስጥ ሦስታችንም ጥቁሩን መስታወት እያየን ተቀመጥን፣ ባሌ ጓሮ ጄኔሬተሩን እየሰደበ ገመዱን ይጎትታል። እንደ ድሮው ከወረቀቱ ውስጥ ሰው እስኪመጣ የምጠብቅ መሰለኝ። ቀኑ እየገፋ ነበር፤ የአዛውንቱ ዓይን ደግሞ ከሰዓት በኋላ አይሠራም።

መብራቱ ሲመጣ እሳቸው አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ጎንበስ አሉ። ከላይ ወደ ታች፣ ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚያዩት፤ ሹሩባውን፣ መስቀሉን፣ አፍንጫውን። ትንፋሻቸው መስታወቱን ጉም አለበሰው። በእጅጌያቸው ጠረጉት።

"አገጯን ዝቅ አድርጊው" አሉ። "ወደ ትከሻዋ።"

ዝቅ አደረግኩ።

"ጨምሪ። ዓይኗንም።"

ጨመርኩ። አሁን በመስታወቱ ላይ ያለችው ሴት በቀኝ ትከሻዋ ላይ ዘወር ብላ ወደ ጀርባዋ ቁልቁል ታያለች። ሽማግሌው እጃቸውን ከጠረጴዛው አነሱ፣ የት እንደሚያሳርፉት ጠፋባቸው። ዕንባቸው ወረደ፤ እኔም አላስቻለኝም።

"እሷ ናት" አሉ። "እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እሷ ናት።"

ልጅቱ ወንበሯን ስባ መጣች። የእናቷን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች ሰው ምን እንደምትል ለማወቅ ጓጉቼ አፏን አፏን አያለሁ። እሷ ግን ግንባሯን ቋጠረች።

"አቦይ፣ ለምን ወደ ታች ታያለች? ምንድን ነው የምታየው?"

"አንቺን ነዋ" አሉ። "ጀርባዋ ላይ አልነበርሽ? መተንፈስሽን ልታይ ነው።"