ያልጨረስኩት የመኖ ትምህርት

የተያዝኩት በማስተማር ላይ ሳለሁ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ወቅት ነበር። ከጉደር ወጣ ብሎ፣ በአንድ ሽማግሌ ጓሮ ጥቂት ገበሬዎች ሰብስቤ ሉኪኒያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ አሳያቸው ነበር። ቅጠሉ ገለባ የሚጎድለውን ገንቢ ምግብ እንደሚያሟላ፣ በበጋም አረንጓዴ እንደሚሆን ነገርኳቸው። «ጥንቃቄው ደግሞ…» ስል መኪና መጣ። ያለ ፈቃድ ስብሰባ ነው ተባለ። እኔንና ባለጓሮውን ወሰዱን።

የታሰርንበት ክፍል የመማሪያ ክፍል ግማሽ ያህላል። ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ ከእስረኛው ብዛት በጎን ካልሆነ መተኛት አይቻልም።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ባርሲሳ፣» አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። «ጥንቃቄው ምን ነበር?»

«ከመኖው ሲሶ አይለፍ፤ የቀረው ገለባ ይሁን። ቅጠሉ ሲበዛ የላሟ የጭራ ጸጉር ይረግፋል። እርጉዝ ከሆነች ጽንሱንም ሊጎዳ ይችላል።»

ሽማግሌው ያለቻቸው አንዲት ላም እርጉዝ ነበረች። ባለቤታቸው ትምህርቱን ከኋላ ቆመው ሰምተዋል፤ ዛፉም አጥራቸውን ሞልቶታል። ስንቅ ሲያመጡ መነጋገር አይፈቀድም።

«እሷ የሰማችውን ሁሉ ታደርጋለች፤ ችግሩ እሱ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ላሜ እዚህ ብትታሰር ይሻላት ነበር። ከሲሶ በላይ አትቀምስም።»

አጠገባችን ያሉት ሳቁ። እኔ አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝና አንድ ወረቀት ገፋልኝ። ስብሰባውን የጠሩት ሽማግሌው ናቸው ይላል።

«ፈርም። ነገ ወደ ተማሪዎችህ ትሄዳለህ።»

«የጠራሁት እኔ ነኝ።»

«ጀግና መሆን አማረህ፣ መምህር? ሂድና አስብበት።»

ለሽማግሌው ነገርኳቸው። መልሳቸውን አልጠበቅሁትም።

«ፈርም። እኔ እንደሆን አንዴ ገብቻለሁ። ስትወጣ በቤቴ በኩል እለፍና ንገራት።»

ለመፈረም ትንሽ ነበር የቀረኝ። ላሟን አሰብኩ፤ እውነቱን ለመናገር አልጋዬንም አሰብኩ።

አመሻሽ ላይ ስጠራ ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩ፦ «ስብሰባውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ያስተማርኩት ስለ ከብት መኖ ነው። ሳልናገር የቀረሁት ይህ ነው፦ ቅጠሉ ከሲሶ አይለፍ፤ ለእርጉዝ ላም ከዚያም ይነስ። ይህ ለሽማግሌው ባለቤት ይነገርልኝ።» ፈረምኩበት። መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበውና መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ሽማግሌው ከሳምንታት በኋላ ተፈቱ፤ እኔ ወራት ቆየሁ። እንደወጣሁ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ላሟ እሳቸው ከመፈታታቸው በፊት ጨንግፋ ነበር። ከቅጠሉ ይሁን ከሌላ ነገር ማንም አላወቀም። ወረቀቱ የደረሰው ሰው የለም። ባለቤታቸው በርጩማ አውጥተው አስቀመጡኝ።

«እንዳልከው ነው ያደረግኩት፣ ልጄ» አሉኝ። ለወቀሳ አልነበረም፤ የከበደኝም እሱ ነው።

ዛሬም ስለዚህ ዛፍ አስተምራለሁ። ከጥቅሙ ግን አልጀምርም። ተማሪዎቼ ገና ሳይቀመጡ መጠኑን ሰሌዳው ላይ ጽፌ እጠብቃቸዋለሁ።