ከአዴ ሀሊማ መጋረጃ ጀርባ

ባለፈው ሳምንት ጫማዬን ላሰፋ ከዚራ ሰፈር አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ ሰፊው የማስቲሹን ጣሳ ከፈተው። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ወንድሜ ሰለሞን መጣብኝ። ሁልጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ሳልጠራው።

ሰሌ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይሠራ ነበር። ክንፉን ከሻይ ሣጥን ኮምፔንሳቶ ይቆርጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪሳሳ ይፈገፍጋል፣ በማስቲሽ ያጣብቃል፣ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ በቀጭኑ የቀደደውን ጎማ ጠምዝዞ ውልብልቢቱን ያሽከረክራል። ፀሐይዋ በረድ ስትል ውሃ ወደሌለው የደቻቱ ወንዝ ወርደን እናበረዋለን። የእኔ ሥራ ሮጦ ማንሳት ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ በአፍንጫው አሸዋ ውስጥ ተተክሎ አገኘዋለሁ። «አረፈ እንጂ አልወደቀም፣ አቦ!» ይለኛል ከሩቅ። አሠራሩን የተማረው አባታችን ከባቡሩ ወርክሾፕ ካመጣለት አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሔት ነው። እንግሊዝኛውንም ከዚያው ነው የተማረው ማለት ይቻላል። ዛሬ እኔም በትርፍ ጊዜዬ ትንንሽ አውሮፕላን እሠራለሁ፤ ያረጁ ኮሜዲዎችም አያለሁ። ብቻዬን።

በዚያ እንግሊዝኛው የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ይፈልገው ነበር። በግቢያችን ቴሌቪዥን የነበራቸው አዴ ሀሊማ ብቻ ናቸው። እሁድ ከሰዓት የፈረንጅ ኮሜዲ ሲጀምር ጎረቤቱ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ምንጣፋቸው ላይ ይደረደራል። ኮሜዲው ውስጥ ቤቴን እጠግናለሁ እያለ የሚያፈርስ አንድ ባል ነበር። የማይታዩ ፈረንጆች ሣጥኑ ውስጥ ሆነው ያውካካሉ፤ እኛ ግን ሰሌን እናያለን። «ምን አለ? ሰሌ፣ ምን አለ?» እሱ ይነግረናል፣ እሱ ይስቃል፣ ከዚያ ቤቱ ይናጋል። ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ታፈሰ ነበር፤ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ እንባውን በቆቡ ይጠርጋል።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ መጣ። ሰሌ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። እናቴ መጀመሪያ የሚፈተሸው የእኛ ቤት መሆኑን ስላወቀች ሰሌን ለአዴ ሀሊማ አደራ ሰጠቻቸው። እሳቸውም አልጋቸውን ከሚከልለው መጋረጃ ጀርባ ደበቁት። እሁድ ሲደርስ «ብናጠፋው ይጠረጥራሉ» ብለው ቴሌቪዥኑን ከፈቱት፤ እናቴ ፈታሾቹን ልትጠብቅ ቤታችን ቀረች፤ እኛ እንደወትሯችን ተቀመጥን።

ታፈሰ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ገባ። ከበሩ ሳይርቅ ዞር ዞር ብሎ አየ። ሊወጣም ነበር። ጀርባውን ሰጥቶን ነበር፣ በዚህ እርግጠኛ ነኝ። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። ቆመና ወደ ቴሌቪዥኑ አየ።

«ምን አለ?» አለ፣ እንደ ልማዱ።

እኔም እንደ ልማዴ ወደ ሰሌ ዞርኩ። ወደ መጋረጃው።

ታፈሰ ዓይኔን ተከትሎ አየ፤ ከእሱ ሌላ ያዩኝ አዴ ሀሊማ ብቻ ነበሩ። ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። አዴ ሀሊማ ብድግ አሉ፤ «ልጄ፣ አንተም እኮ እዚሁ ምንጣፍ ላይ ነው የምትስቀው» አሉት።

«አዴ፣ እኔንስ ማን ይለቀኛል?» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ሰሌ መጋረጃውን ራሱ ገልጦ ወጣ። ሸሚዙ በላብ ርሶ ደረቱ ላይ ተለጥፏል። «ግድግዳው ተንዶበት ሚስቱን ‹መስኮት አምሮሽ አልነበር?› ነው ያላት» አለው ለታፈሰ።

ማንም አልሳቀም።

ሁርሶ ማሠልጠኛ ወሰዱት። እናቴ ስንቅ ይዛ ስትደርስ ወደ ሰሜን ተጭነዋል አሏት። ከዓመት በኋላ መርዶው መጣ።

ለቅሶው ላይ እናቴ አዴ ሀሊማን በሰው ፊት ጠየቀቻቸው፤ ካንቺ ቤት ማን አሳየው፣ ማን ጠቆመ፣ ብላ። አዴ ሀሊማ እኔን አዩኝ። ከዚያ «አላህ ያውቃል» አሉ። እናቴ ልጄን የሸጠችው እሷ ናት ብላ ደመደመች። እሳት የሚጫጫሩ ሴቶች ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላም አልተባባሉም። ልናገር ብዬ ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አልቻልኩም። ሰው ሲጠይቀኝ አንድ ወንድም አጣሁ እላለሁ። እናቴ ግን ልጇንም፣ እንደ እህት የምታያቸውን ጎረቤቷንም አጣች፤ ሁለተኛዋን የወሰደባት ጦርነት አይደለም።

አዴ ሀሊማ ባለፈው ረመዳን ዐረፉ። ሬሳቸው በደጃችን ሲያልፍ እናቴ ተነስታ በሩን ዘጋችው። እኔም ውስጥ ነበርኩ።