ያልተሰበረችው የጭቃ እንቁላል

ከአልጋዬ ራስጌ ባለችው መደርደሪያ ላይ የቄብ እንቁላል የምታህል የደረቀች ጭቃ አለች። የልጅ ልጆቼ በየተራቸው «እማማ፣ እንስበራትና ውስጧን እንይ» ብለውኛል፤ እኔም ሁሉንም በየተራቸው ተቆጥቻቸዋለሁ። አቧራዋን በጠረግሁ ቁጥር ግን የሽንፋ ወንዝ ይሸተኛል። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲሸሽ የሚቀረው የደለል ሽታ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ዓሣ የተቀላቀለበት።

ልጅ እያለሁ ያደግሁት እዚያ ወንዝ ዳር፣ አክስቴ ዘንድ ነው። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ ሞተች፤ አባቴ ጣሊያን የገባ ጊዜ ጫካ ገባ። እቴ ስንዱ፣ የአባቴ እህት፣ ሁለታችንንም በአንዲት ጎጆ፣ በአምስት ዶሮና በአንድ አውራ ዶሮ አሳደገችን። ቀጭን ሴት ነበረች፤ ድምጿ ግን ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል። ጭልፊት ሲያንዣብብ እጇን አጨብጭባ «ሂድ ወዲያ፣ የራስህን ፈልግ» ስትለው ጭልፊቱ እውነትም አፍሮ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

ዶሮዎቿን እንደ ሰው ታውቃቸዋለች። የትኛዋ ለመታቀፍ እንደተሰናዳች፣ የትኛዋ እንቁላል ጥላ ሳር ውስጥ እንደደበቀች፣ ከአካሄዳቸው ትናገራለች። ጫጩት የሚወጣባቸውን እንቁላሎች በከሰል ምልክት ታደርግባቸውና ጠዋት ጠዋት ወደ ፀሐይ አንስታ ታያለች። ፈንግል ገብቶ የሰፈሩን ዶሮ ሲጨርስ የእሷን ከሌላው ለይታ ጓሮ አግዳ ያተረፈች እሷ ናት። እንቁላሉን ግን አቅራቢያችን ከሰፈሩት የጣሊያን ወታደሮች ማትረፍ አልቻለችም። ቅርጫታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከሰጡም የማይረባ ሳንቲም ይሰጣሉ።

የወንዙ ዳር መሬት የማንም አልነበረም። ሱዳኖቹ ጀርፍ የሚሉት ነው፤ ውሃው ሲጎድል ጥቁር ደለል ለብሶ ይወጣል፣ ያለ ዝናብም ባሚያ፣ ዱባ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል። ወንዙ በየዓመቱ ቅርጹን ስለሚለውጠው፣ አንዱ ዘንድሮ የያዘውን ከርሞ የእኔ ነው አይልም። አሥራ ሁለት ቤት ነበርን። አያ ደምሌ የሚባሉ ሽማግሌ መሬቱን በዘንግ ለክተው አሥራ ሁለት ቦታ ይከፍሉትና ዕጣ ይወጣል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ምልክት ያመጣል፤ አንዱ ዶቃ፣ አንዱ የፍየል ቀንድ ስባሪ፣ አንዷ ቀለበት። የእኛ የቀዩዋ ዶሮ ላባ ነበረች። ሁሉም አንገቷ ጠባብ የሆነች ቅል ውስጥ ይገባል። የአዋቂ እጅ አይገባባትም፤ ስለዚህ የሚያወጣው ልጅ ነው።

ያን ዓመት እኔ ተመረጥሁ። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ያን ዓመት ደግሞ እንደ ሌላው ዓመት አልነበረም። ወታደሮቹ በቅሎዎቻቸውን ማሽላችን ላይ ለቀቁት፤ ሊያሽት የደረሰውን በሁለት ቀን ውስጥ እስከ አገዳው ጨረሱት። እቴ ስንዱ ማሳው ዳር ቆማ አየችና ተመለሰች። እስከሚቀጥለው አዝመራ ከወንዙ ዳር ከምናገኘው በቀር የምንበላው አልነበረንም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ የጎተራውን ባዶነት ግን በዓይኔ አየው ነበር።

አያ ደምሌ መጀመሪያ የሚጠሩት ምርጡን ቦታ ነው። ከትልቁ ዋርካ ስር፣ ወንዙ የሚታጠፍበት፣ ደለሉ እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ። ዘንጋቸውን ተክለው «ይችስ ለማን ትድረስ?» አሉ። እጄን ቅሉ ውስጥ ከተትሁ። ዶቃውን ነካሁት፣ ተውሁት። ቀንዱን ነካሁት፣ ተውሁት። ከዚያ የላባዋ ልስላሴ ጣቴን ነካኝና ሳብሁ። ሰው ሁሉ «የስንዱ!» አለ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬቱን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ክፉ ነገር የሠራሁ አልመሰለኝም። ጎበዝ የሆንሁ ነው የመሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት ከጎጆው በስተጀርባ እንቁላል ስንለቅም እቴ ስንዱ «እጅሽ የተባረከ ነው» ስትለኝ፣ ደስ ብሎኝ «እጄ ሳይሆን ላባዋ ናት፤ ቅሉ ውስጥ ሆና ትታወቃለች እኮ፤ እሷን እስካገኝ ሌላውን ተውሁት» አልኋት።

የለቀመችውን እንቁላል በቅርጫት እንደያዘች ቆመች። አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዛ፣ ወንድሜን አዝላ፣ ቅርጫቱን እንደያዘች ወደ ወንዙ ወረደች። ሰዎቹ የየድርሻቸውን መቆፈር ጀምረው ነበር።

«አያ ደምሌ፣» አለች፣ «የትናንቱ ዕጣ ዕጣ አይደለም። ልጄ ላባዋን ዳብሳ ነው ያወጣች።»

ቆፋሪው ሁሉ ቀና አለ። አያ ደምሌ ጺማቸውን ያዙ። «ተይው ስንዱ። ልጅ ናት። አንች ደግሞ ዘንድሮ ማሽላም የለሽ። ማንም ቅር አይለውም።»

«እኔን ቅር ይለኛል» አለች።

እትየ ዳሳሽ ከጎናችን የምትኖር፣ አፈ ስለታም ሴት ነበረች። ትናንት የደረሳት ጥሩ ቦታ ስለሆነ እንደገና መጣሉን አልወደደችውም። «እንደገና ይውጣ ካልሽስ ማን ሊያወጣ ነው? የእኔ ልጅ ቢያወጣ የእኔን ቀለበት፣ የሌላው ቢያወጣ የራሱን ዶቃ ይዳብሳል። የልጅ እጅ ሁሉ ሌባ ሆኖ ሊቀር ነው? በስንዱ ጽድቅ እኛ ልንደክም!»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። እቴ ስንዱ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ቅርጫቱን ቁልቁል አየች። ከዚያ አንድ እንቁላል አንስታ ለአያ ደምሌ ሰጠቻቸው።

«ይኸ ሴት ጫጩት ነው ወንድ?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ከዳበሱትስ?»

«ብዳብሰውም እንቁላል ነው።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የልጅቱ ብቻ አይደለም» አለች። «የቅሉም ነው። ሊታወቅ የሚችል ነገር አስገብተን አትወቂ አልናት። ምልክቱ ሁሉ በጭቃ ይጠቅለል፤ እንደ እንቁላል አንድ ይሁን። ሲወጣ ሰው ፊት ይሰበር።»

ከዚያ እትየ ዳሳሽ ወገቧን ይዛ «የእኔስ ቀለበት? ጭቃም ቢለብስ ይከብዳል፤ በክብደቱ ይለያል» አለች። ለማሳፈር ነበር የተናገረችው። አክስቴ ግን ፊቷ በራ። «እውነቷን ነው» አለች። «ቀለበቱ ይቅር፣ ቀንዱም ዶቃውም ይቅር። ሁሉም የማይከብድ ነገር ያምጣ፤ ክር ይሁን፣ ቅጠል ይሁን፣ ላባ ይሁን።» እትየ ዳሳሽም ከቀሚሷ ጫፍ ክር መዘዘች።

ጭቃውን ያቦካነው ከዋርካው ስር ካለው ደለል ነው፤ ሌላው አሸዋ ስላለበት ይፈረካከሳል። ሴቶቹ ሁሉ ተቀምጠው አድበለበሉ። ትልቅ የሆነውን ይቀንሳሉ፣ ትንሽ የሆነውን ይሞላሉ፤ እቴ ስንዱ ከቅርጫቷ አንዲት የቄብ እንቁላል አውጥታ መለኪያ አደረገቻት። አመድ ላይ አንከባልለው ለፀሐይ አሰጧቸው። የእኛን አገር ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ቀኑ ዘንበል ሳይል ድንጋይ ሆኑ።

«አሁንስ ማን ያውጣ?» አሉ አያ ደምሌ።

«ራሷ» አለች አክስቴ። «የሳተች እሷ ናት፤ የምታቃናውም እሷ ናት።»

እጄን አስገባሁ። ቅሉ ውስጥ አሥራ ሁለት እንቁላል፣ ሁሉም አንድ። የዋርካው ስር ሲጠራ አወጣሁና አያ ደምሌ በዘንጋቸው ጫፍ ሰበሩት። የእትየ ዳሳሽ ክር ወጣ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። በየስብራቱ የአክስቴን ፊት ሰርቄ አያለሁ፤ ምንም አይነበብበትም። አሥራ አንዱ ተሰብረው ሲያልቁ ላባችን አልወጣችም። የቀረው የታችኛው ጫፍ ነው፤ አሸዋና ጠጠር፣ ዝንጀሮ ውሃ ለመጠጣት የሚወርድበት።

አያ ደምሌ የመጨረሻዋን ከቅሉ አስወጥተው ሊሰብሩ ዘንጋቸውን ሲያነሱ፣ እቴ ስንዱ እጇን ዘረጋች። «ተዋት አያ። አሥራ አንዱ ፊታችን ከተሰበረ አሥራ ሁለተኛዋን መስበር አያስፈልግም።» ተቀብላ መቀነቷ ላይ ቋጠረቻት።

ያን በጋ እሷ የሠራችውን ያህል የሠራ ሰው አይቼ አላውቅም። አሸዋው ዘር አይዝም፤ ስለዚህ ለያንዳንዱ ዘር ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ከወንዙ ጠርዝ ደለል ታመጣለች፣ ከቆጡ ስር የተጠራቀመውን የዶሮ ኩስ ከአመድ ጋር ትቀላቅልበታለች። ኩሱን የምሸከም እኔ ነበርሁ። የራሳችን ሲያልቅ የሰፈሩን ቆጥ ሁሉ እየዞርሁ ጠረግሁ፤ ያኔ ሰው ይጥለው ነበር። ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው «ኩሴ» ብለው ሰደቡኝ። ለአክስቴ ከስሼ ብነግራት «ዱባው ሲደርስ ስምሽን ይረሱታል» አለችኝ። ዶሮዎቹ የሰው መደብ እንዳይጭሩ እግራቸውን በረጅም ገመድ አስራ ወደ ሥራው ይዛቸው ትወርዳለች፤ የኛኑ ቦታ እየጫሩ ትል ይለቅማሉ።

የዋርካውን ስር አላከለም፤ ውሸት አልናገርም። ባሚያው አጭር ነበር፣ ሽንኩርቱ እንደ ነጭ ሽንኩርት ትንሽ። ዱባው ግን ተንሰራፋ፣ ጠጠሩን ሸፍኖ እስከ ውሃው ወረደ። ዱባ በላን፣ የዱባ ቅጠል በላን፣ ፍሬውን ቆልተን በላን፤ ጎጆው ጥግ የተደረደረው ዱባ እስከ አዝመራ አደረሰን። ወንድሜ ዳዴ ማለት ትቶ የቆመው ዱባ ተደግፎ ነው።

በቀጣዩ ዓመት እትየ ዳሳሽ ባዶ ቅርጫት ይዛ መጣች። «ስንዱ፣ እስቲ ከኩስሽ አካፍይኝ» አለች። አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። «የዶሮሽን እግር እሰሪ እንጂ ኩሱንስ ውሰጂ።» ዕጣውም ያን ዓመትና ከዚያም ወዲያ በጭቃ ሆነ። እጄ ቅሉ ውስጥ መግባት እስኪሳነው ድረስ የማወጣው እኔ ነበርሁ።

ዛሬ መተማ ዮሐንስ ነው የምኖር። ወደ ሽንፋ ስወርድ የማየው ሰሊጥና ትራክተር ነው፤ መልካም ነው፣ ሰው ይጥገብ። የመሬት ዕጣ አሁንም ይወጣል፣ በተጣጠፈ ወረቀት። እኔም ከኋላ ቆሜ «ወረቀቱን ማን አጠፈው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ወጣቶቹ «አሮጊቷ ደግሞ መጣች» ይላሉ። ይበሉ። ያልጠየቅሁበት ቀን እቴ ስንዱ ቅርጫቷን ይዛ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል።

እሷ ስታርፍ ከመቀነቷ ፈትቼ ያገኘሁት ይችን ጭቃ ነው። የልጅ ልጆቼ ላባዋ እውነት ውስጧ መኖሯን ለማየት ይጓጓሉ። እኔ አይቼ አላውቅም፤ ማየትም አልፈለግሁም። ጭቃዋ የዋርካው ስር ደለል ናት። ከዚያ መሬት ለአክስቴ የደረሳት፣ በእውነት የደረሳት፣ ይችው ብቻ ናት።