የጋሽ በቀለ እጅና የመርከቡ ዓሣ

እናንተ ተማሪዎቼ ክረምት ሲባል የምታውቁት የጎፋን ጭቃ ነው። አሰብ ላይ ግን ሐምሌ እሳት ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጀልባው ጠርዝ እጅ ያቃጥላል። አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደዚያ የወሰደኝ ጎረቤቴ ጋሽ በቀለ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር። ወደቡ ላይ ዕቃ እስኪጫንለት ሦስት ቀን ስለነበረን፣ ሁመድ የሚባል አፋር ዓሣ አጥማጅ በእንጨት ጀልባው ይዞን ወጣ።

የሄድነው ድሮ መርከብ ወደሰመጠበት ቦታ ነው። በመርከቡ ሆድ ውስጥ ከሰው የሚከብድ ዓሣ ይኖራል። ስለ እሱ አንብቤ ስለነበር ለጋሽ በቀለ በዝርዝር አስረዳሁት፦ ዓሣው አያሳድድም፤ ጨለማው ውስጥ አድፍጦ አፉን ድንገት ሲከፍት ውሃው ራሱ ምግቡን ይዞለት ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጎሬው ይመለሳል። ግማሽ ሰዓት አወራሁ። ጋሽ በቀለ አዛጋ።

ዞር ብዬ ሳይ የማጥመጃውን የናይለን ገመድ የእጁ አንጓ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥሞታል።

«ጋሽ በቀለ፣ ፍታው እንጂ። እጅ ላይ አይጠመጠምም።»

«ተወኝ መምህር። ከቄራ እስከ ጎፋ ስንት ሙክት ጎትቻለሁ፤ አንድም አላመለጠኝ።»

«ይሄ በግ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሃል? ቀንድ እንኳ የለው።»

ሁመድ ሳቀ። እኔ አረርኩ። ወዲያው ጋሽ በቀለ ክንድ የሚያህል ዓሣ ያዘና «አየህ?» እያለኝ ይስብ ጀመር። ዓሣው ከውሃው ገጽ ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው ከሥሩ ጥቁር ጥላ ተነሣ። በርሜል የሚያህል አፍ ተከፈተ፤ ትንሹ ዓሣ ጠፋ። ትልቁ ዞሮ ቁልቁል ወደ መርከቡ ወረደ።

የጋሽ በቀለ ክንድ እስከ ትከሻው ውሃ ውስጥ ገባ፤ ጀልባዋ በጎኗ ተኛች። ቀበቶውን ያዝኩ። ሁመድ በሌላው ጠርዝ ተንጠልጥሎ «ቁረጥ፣ ቁረጥ» ይላል። ጋሽ በቀለ ደግሞ ፊቱ ውሃ እየነካ «እንዳትቆርጥ፣ ይዤዋለሁ» ይላል። ማን ማንን እንደያዘ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። የሁመድን ቢላዋ ከጀልባው ወለል አንስቼ ገመዱን ቆረጥኩት።

አንጓው እስከ ጅማቱ ተተልትሏል። ሁመድ በሽርጡ ጫፍ ሲያስርለት፣ ጋሽ በቀለ «ዓሣዬን ለቀቅክብኝ» አለኝ። ቁስሉ ትንሽ እስኪጠግግ ሳምንት አሰብ ላይ ስንቆይም ይህንኑ፤ ጎፋ ስንገባ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ።

በእሱ ብቻ ግን አልፈርድም። ስለ ዓሣው ግማሽ ሰዓት ሳወራ፣ ስለ እጁ የተናገርኩት መስማት ካቆመ በኋላ ነው። ቤተ ሙከራ ስትገቡ ስለ አሲዱ ጠባይ ከማስረዳቴ በፊት ስለ ዓይናችሁ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው።

ጋሽ በቀለ ዛሬም ሲያገኘኝ መኪናውን አቁሞ በመስኮት «ዓሣዬስ?» ይለኛል። መሪውን የጨበጠበትን ያንን ጠባሳ ያለበት እጁን አያለሁ።