ገና አልተላከም

ከባለቤቴ ከስንታየሁ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ስልክ ስክሪን ላይ የሚነካ የአንድ ቁልፍ መጠን ማስተካከል ነበር። እንጅባራ ቤታችን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠን፣ እሱ ስልኩን በአውራ ጣቱ ይነካል፣ እኔ በኮምፒውተሩ ቁልፉን አሰፋለሁ። «የገበሬ ጣት ነው የሚነካው፤ ትንሽ ጨምሪ» አለኝ። ጨመርኩ። ከዚያ ምሳ በላን። በማግስቱ ታመመ፤ ከሆስፒታል አልተመለሰም።

ሥራችን የስልክ መተግበሪያ ገጽ መንደፍ ነው፤ ሰው ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚያይና የቱን እንደሚነካ እንወስናለን። ያን ጊዜ የያዝነው ምጥ የያዛት ሴት ቤተሰብ አምቡላንስ የሚጠራበትን ነበር። ስንታየሁ ሰው ስታስሞክሪ አትጠይቂ ይለኝ ነበር። በእኛ አገር እንግዳ ማሳፈር ነውር ስለሆነ፣ ጥሩ ነው ወይ ያልሽው ሁሉ ጥሩ ነው ይልሻል። «ስልኩን ስጪና ጣቱን ተመልከቺ» ይል ነበር።

ከአርባው በኋላ ሥራውን የሰጠን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደወለልኝ። አጽናናኝና ሥራው እንዲያልቅ ለመነኝ። መተግበሪያውን ላስሞክር ብቻዬን ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ሄድኩ።

የተቀበሉኝ እማማ የሻረግ የሚባሉ፣ ምራታቸው ልትወልድ የተቃረበች ሴት ነበሩ። ጥቁር ልብሴን አይተው «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉ። ስልኩን ሰጠኋቸውና ምራትዎ ምጥ እንደያዛት አድርገው ይሞክሩት አልኳቸው። ቀዩን የመጥሪያ ቁልፍ አንድ ጊዜ ነኩ። ኔትወርክ አልነበረም፤ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች። እማማ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔም ጣታቸውን ተመለከትኩ።

ብዙ ቆይተው «ስልክሽ ዲዳ ነው እንዴ?» አሉ።

ለምን ደግመው እንዳልነኩት ጠየቅኳቸው።

«አንዴ ከላኩ ወዲያ መጎትጎት ነውር ነው። መልእክተኛ ልከሽ ሌላ ብታስከትዪበት አላመንኩህም ማለት አይደለም?»

ሳቁ። ምራታቸው በሩ ላይ ወገቧን ይዛ ቆማ ታዳምጥ ነበር።

እንጅባራ ተመልሼ ክቧን አጠፋሁ። በቦታዋ «ጥሪው ገና አልተላከም። ኔትወርክ የለም። ከፍ ወዳለ ቦታ ወጥተው እንደገና ይንኩ» ብዬ ጻፍኩ። ማንበብ ለማይችል ይህንኑ በአማርኛና በአገውኛ የሚናገር ድምፅ ጨመርኩ።

ኃላፊው አልወደደውም። አልተላከም የሚል ነገር ይዘን እንዴት እናስመርቃለን፣ ገና ሳይጀመር ተበላሸ ይሉናል አለኝ። ክቧ ትመለስ አለ።

«ክቧ ከተመለሰች እማማ የሻረግ ተቀምጠው ይጠብቃሉ» አልኩት። «ምራታቸውም አብራ ትጠብቃለች።»

የራሱን ስልክ ኔትወርክ አጥፍቶ ቁልፉን ነካ፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «ይሁን» አለኝ።

ያቺ ምራት ምጥ የያዛት መተግበሪያው ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ ዝናብ ሲጥል ነው። ባሏ፣ ስልኩ «ጥሪው ገና አልተላከም» ሲለው፣ ጉብታው ላይ ሮጦ ወጥቶ ደግሞ ነካው። አምቡላንሱ መጣ፤ ጤና ጣቢያ ደርሳ ወለደች።

ስክሪን ያልሆነውን ሆነ ማለት የለበትም። ካልሄደ፣ አልሄደም ይበል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግም ይናገር።

አሁን ሥራውን ብቻዬን ይዤዋለሁ። በገበያ ቀን ወደ አዘና ከተማ እወርዳለሁ፤ ሰው ስልኩን ሲሞክር አጠገቡ ተቀምጬ አያለሁ።