አልፈልግም ያልኩት ሎተሪ

ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፤ ዛሬ ልደታ ቤተክርስቲያን በር ላይ የሎተሪ አዟሪውን ጋሽ ታደሰን እሽጉን ሙሉ አስገለበጥኳቸው። ቀኑ ልደታ ስለሆነ በአንድ የሚያልቅ ቁጥር ፈልጌ ነው።

ከዳር እስከ ዳር አንድ ብቻ የተደረደረበት ሰጡኝ።

«ይሄማ አይወጣም፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያሸንፍ አይቼ አላውቅም» ብዬ መለስኩትና ሌላ በአንድ የሚያልቅ መርጬ ገዛሁ።

«ልጄ፣ አንቺ የመረጥሽውስ ሲያሸንፍ አይተሻል? ለዕጣው ሁሉም ቁጥር እኩል ነው።»

ከኋላዬ የቆሙት ጎረቤቴ እትዬ አልጋነሽ ይህን ሰምተው ቀበል አድርገው ገዙት።

ሂሳቡ ገብቶኛል፤ የእሳቸውም የእኔም ዕድል ያው የለም የሚባል ነው። ሆዴ ግን አልሰማም። ከዚያ ወዲህ የምጸልየው እኔ እንዳሸንፍ ሳይሆን እሳቸው እንዳያሸንፉ ነው።

እናንተስ አልፈልግም ብላችሁ የመለሳችሁት ቁጥር አለ? ዕጣው ሲወጣ የሆነውን እነግራችኋለሁ። ዝም ካልኩ እትዬ አልጋነሽን እንኳን ደስ ያለዎት በሏቸው።