አምስተኛውን ቀዳሽ ያደረሰች ብስክሌት

ከሊማሊሞ አፋፍ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ድረስ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ሥራ የሚስተካከለኝ ሰው የለም። ይህ ጉራ አይደለም፤ ሌላ የሠራ ሰው ስለሌለ ነው። ዓምና ከጥምቀት በኋላ በአንድ እሑድ ማለዳ የሆነውን እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ደረቴ ይነፋል። ደባርቅ ውስጥ ያልሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ያልሰማ ካለም እኔ ገና ስላላገኘሁት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ሥራዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳየሁ ዕለት ብስክሌቷ የሄደችው ወደ ኋላ ነው።

መተዳደሪያዬ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ መጠገን ነው። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆች ማደያ ላይ ተሰልፈው ሲውሉ ባየሁ ጊዜ አንዲት ርካሽ፣ ቀለሟ የተላጠ የተራራ ብስክሌት ገዛሁ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ መሐሉ ላይ ሞተር ያለው የፊት ቸርኬ በአውቶቡስ ላከልኝ። ባትሪውን ግን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ከሞቱ ላፕቶፖች ውስጥ ገና ነፍስ ያላቸውን የባትሪ ፍሬዎች እየለቀምኩ አያያዝኳቸውና ቢጫ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ከተትኳቸው። ያን ክረምት ቤታችን ውስጥ ሽቦ ሳይረግጡ አንድ እርምጃ መራመድ አይቻልም ነበር። ባለቤቴ ዘነቡ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ብስክሌት በቁርባን ነው እንዴ ያገባሃት?» እያለች ታበሽቀኝ ነበር።

የሙከራው ቀን ጎረቤቴን ጌትነትን፣ የባጃጅ ሹፌሩን፣ ዋና አብራሪ አድርጌ ሾምኩት። ሰፈርተኛው ግራና ቀኝ ቆመ። ጌትነት መሪው ላይ ያለውን እጀታ ሲጠመዝዘው ብስክሌቷ እሱን እንደያዘች የኋሊት ተንደርድራ የቁልቋል አጥር ውስጥ ገባች። ለካ የሞተሩን ሽቦዎች አቀያይሬ አገናኝቻቸው ኖሯል።

«ጋሽ አያሌው፣» አለኝ ጌትነት እሾህ ከክንዱ እየነቀለ፣ «ይቺ እኮ ወደ ትናንት ለመመለስ ነው የምትሆነው!»

በነጋታው ሽቦዎቹን አስተካከልኳቸው፤ ወደ ፊት ሄደች። ሰው ግን የሚያወራው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። ያቺ እሑድ እስክትመጣ ድረስ ማለት ነው።

እህቴ ማሬ የምትኖረው በደባርቅና በዳባት መካከል፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ስንት ዘመን ስለት ተስላና ጠበል ተጠምቃ ያገኘችው ወንድ ልጅ አርባ ቀኑ የሚሞላው ያን ዕለት ነበር። ዘመድ ከሩቅ መጥቶ አድሯል፤ ድግሱ ደርሷል። እኔና ዘነቡም ረፈድ ሲል ልንሄድ ተዘጋጅተን ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ። ማሬ ናት፤ እያለቀሰች ነው።

«ጋሼ፣ ከሁለቱ ቄሶች አንደኛው ታመው አደሩ። ተነሥተው መቆም አልቻሉም።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ቅዳሴ ከአምስት ሰው ባነሰ አይቀደስም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። አንድ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። ቅዳሴ ከሌለ ልጁ አይቆርብም፤ ሳይቆርብ ደግሞ ምን ክርስትና አለ?

«ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቄ አርባ ቀኑ እንዲሁ ይለፈው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? «ቄስ አመጣልሻለሁ» አልኳት፣ ኪሴ ውስጥ ቄስ ይዤ የምዞር ይመስል።

የነፍስ አባቴ ቄስ ተገኘ ቤታቸው ከእኛ በታች ነው። እየሮጥኩ ስደርስ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበር ሲወጡ አገኘኋቸው። በዚያ ሳምንት ተረኛ ቀዳሽ አልነበሩም፤ ቆመው ሊያስቀድሱ ነበር የወጡት። ደግነቱ ከትናንት ጀምረው እህል ውሃ አልቀመሱም። ነገሩን ስነግራቸው ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር።

«በምን እንደርሳለን?»

ለጌትነት ደወልኩለት። ባጃጁ ባዶዋን ማደያው በር ላይ ተሰልፋ አድራለች። ሚኒባስ በዚያ ሰዓት ሰው እስኪሞላ ንቅንቅ አይልም። በእግር ብንነሣ የምንደርሰው ድግሱ ተበልቶ ሲያልቅ ነው። የቀረችን ብስክሌቷ ናት።

«አባ፣ ብስክሌት መንዳት ያውቃሉ?»

«በወጣትነቴ ለቀን ሥራ መተማ ወርጄ ሳለሁ እነዳ ነበር።»

«እንግዲያው አንቱ ይንዱ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሞተሩንና ባትሪውን እከታተላለሁ። ትልቁ ሥራ እሱ ነው።»

ቄስ ተገኘ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ስማ አያሌው፣» አሉኝ፣ «ወድቄ ደም ከወጣኝ መቅደስ አልገባም። ጥፍሬ እንኳ ቢደማ አለቀ። ዝንብ ከዋጥኩም ጾሜን ፈታሁ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ብደርስም ባልደርስም አንድ ነው።» ይህን ብለው ጥምጣማቸውን ጠበቅ አደረጉና አፍና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ሆነ።

እስቲ አስቡት። እንቁላል የጫነ ነጋዴ እንኳ አንዱ ቢሰበርበት ሌላው ይተርፈዋል። እኔ የጫንኩት አንድ እንቁላል ነው፤ እሱም ቄስ ነው።

ተነሣን። ብስክሌቷ እንደ ንብ ቀፎ እየጮኸች አስፋልቱን ያዘች። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ላይ ተቀምጬ የአባን ወገብ ይዣለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ምእመናን ቄስ እግራቸው ሳይንቀሳቀስ እንደ ነፋስ ሲያልፉ እያዩ አማተቡ። አንድ ሽማግሌ «አባ፣ ይባርኩን!» ብለው ጮኹ። ቄስ ተገኘ ልማድ ሆኖባቸው ሊባርኩ አንድ እጃቸውን አነሡ። መሪው ተወላገደ፤ ልንገለበጥ ምንም አልቀረንም።

«አባ፣ በሁለት እጅዎ ይያዙ! ሲመለሱ ይባርኳቸዋል!» አልኩኝ።

ዳገቱ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ከመቀመጫው ሥር የታሰረው ጀሪካን እንደ ትኩስ ድንች ጉልበቴን አቃጠለኝ። ሁለታችንን አልቻለችም። ዘልዬ ወረድኩና ከኋላ እየገፋሁ መሮጥ ጀመርኩ።

«አባ፣ ፔዳሉንም ይርገጡት!»

«እየረገጥኩ ነው፤ አንተ ግፋ!» አሉኝ ከነጠላቸው ውስጥ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሞተሩን መከታተል ያልከኝ ይሄ ነው?» አሉ።

ሳንባዬ በአፌ ወጥቶ ከፊቴ የሚሮጥ ነበር የመሰለኝ። ያቺን ዳገት ጨርሼ ዳግመኛ ስቀመጥ አሥር ዓመት አርጅቻለሁ፤ ብስክሌቷ ግን ትንሽ እፎይ ስትል ብርታቷ ተመለሰ።

ከአስፋልቱ ወጥተን ቁልቁል በጥርጊያው መንገድ ስንወርድ ደወሉ ተሰማን። በዚያው ቅጽበት ከአንድ ግቢ ጥጃ የሚያህል ውሻ ወጣ። ጥጃ ያልኩት አታጋንን እንዳትሉኝ ነው እንጂ በሬ ያህላል። የብስክሌቷ ድምፅ አላምር ብሎት ይሁን የነጠላው ነጭነት፣ በቀጥታ ያነጣጠረው የቄስ ተገኘን እግር ነው። አንድ ጊዜ ጥርሱ ከነካቸው ቅዳሴው ቀረ፣ የማሬ ልጅም ክርስትና ቀረ። ሳላስበው እግሬን ወደ ውሻው ዘረጋሁለት። ባቴን ከነሱሪዬ ያዘው።

«ምንድን ነው? ደም አለ?» ብለው ጮኹ አባ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።

«አለ አባ! ግን የእኔ ነው!»

«ተመስገን!» አሉ። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማለቴ፣ እግዚአብሔር ይማርህ» አሉኝ።

የውሻው ባለቤት ዱላ ይዞ እየሮጠ ደርሶ አስለቀቀኝ። (ለሚጨነቅልኝ አንባቢ፦ ያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሄጄ ክትባት ተወግቻለሁ።) እኛም እየተንገጫገጭን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደረስን። አንዱ ቄስና ሦስቱ ዲያቆናት መንገድ መንገዱን ሲያዩ ነበር። ማሬ ልጁን ታቅፋ ከዛፉ ሥር ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል። ቄስ ተገኘ ወርደው ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጡ፤ መዳፋቸውን አገላብጠው አዩ፤ የእግራቸውን ጣቶች አንድ በአንድ መረመሩ። አንዲት ጭረት የለም። ዝንብም የለም። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

እኔ ደም እየፈሰሰኝ ስለነበር ግቢው ውስጥ አልገባሁም። እግሬን በጨርቅ አስሬ ከቅጥሩ ውጭ ከብስክሌቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ቅዳሴው ተጀመረ፤ ያ ወፍራም የቄስ ተገኘ ድምፅ ከቅጥሩ አልፎ መጣ። ድምፁ የእሳቸው ነው፤ ማመላለሻው ግን የእኔ ነበር። ሌላ ጊዜ ይህን ስናገር እስቃለሁ፤ ያን ሰዓት ግን አልሳቅሁም። አፌን ይዤ ነው ያዳመጥኩት።

ሲያበቃ ማሬ ወደ ውጭ ወጣችና ልጁን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችው። አንገቱ ላይ ማተብ ታስሮለት፣ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። «ጋሼ፣ ክርስትና ያስነሣኸው አንተ ነህ» አለችኝ። እኔም ዓይኑን ከፀሐይ በእጄ ከለልኩለት።

ድግሱ ላይ የመንደሩ ትልቅ ሰው ተነሥተው ስለ እኔ ተናገሩ። «ልብ በሉ፣» አሉ፣ «ብስክሌቷን የሠራት እሱ፣ ጌታዋ እሱ። ነገር ግን ካህኑን ከፊት አስቀምጦ ራሱ ከኋላ ተቀመጠ። ትሕትና ማለት ይሄ ነው!» ገበሬው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄስ ተገኘ ከማዕዱ ቀና ብለው አዩኝ፤ ሳል ቢጤ ሳሉና እንደገና አቀረቀሩ። እኔም እንደ ትሑት ሰው አቀረቀርኩ።

ብስክሌቷ እስከ ዛሬ ትሠራለች። ወደ ኋላ ሄደች እያለ የሚያሾፍብኝ ሰው ቀርቷል። መንገድ ላይ ሲያዩኝ «የቄሱ ብስክሌት ባለቤት» ይሉኛል፤ ከዚህ የበለጠ ማዕረግ አልፈልግም። ኮርቻለሁ፤ አልደብቅም።

ትሕትና ያሉኝን ግን ልመልስላቸው። አባን ከፊት ያስቀመጥኳቸው ከአክብሮት አልነበረም። እኔ ብስክሌት መንዳት አልችልም።